ስምንተኛዋ ብክነት

«አንቺ ራስሽ ብክነት ነሽ!» አለኝ አቶ ግዛቸው፤ ያውም በሰኞ ጠዋት ስብሰባ ላይ፣ ያውም ጣቱን ቀስሮ፣ ያውም ሰው ሁሉ ቆሞ እየሰማ። «ሰባቱን የብክነት ዓይነቶች ባለፈው ሳምንት በካይዘን ሥልጠናው ተምራችኋል። ስምንተኛዋ ይቻትላችሁ!»

ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስለ እኔ መሆኑ የገባኝ ሳቄን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

አቶ ግዛቸው የስፌት ክፍላችን ሱፐርቫይዘር ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ፤ እዚህ ግን ወረቀቱም እስክሪብቶውም የራሴ ስለሆነ «እሱ» ነው። የምንሠራው ሰበታ፣ ከጅማ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ሹራብ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የተማሪ ሹራብ፣ ቀይ። ቀይ ሹራብ ለብሶ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ ካያችሁ አንገቱን የሰፋሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። አንገቱ ከተጣመመ ግን ማርታ ናት። ማርታ ከሆሳዕና የመጣች፣ አጠገቤ የምትሰፋ፣ ቤትም አብራኝ የተከራየች ጓደኛዬ ናት። የተጣመመውን ሁሉ በእኔ ታላክካለች፤ አትስሟት።

«ትናንት ቆጥሬሻለሁ» አለ አቶ ግዛቸው። ትናንት እሑድ ነበር። ሰው ሲስቅ «ቅዳሜ!» ብሎ አረመ። «ዘጠኝ ጊዜ ከማሽንሽ ተነስተሻል። አሰልጣኙ ምን ነበር ያለው? ሹራቡ ላይ ምንም የማይጨምር እንቅስቃሴ ሁሉ ብክነት ነው። አርብ እሱም ሥራ አስኪያጇም ይመጣሉ፤ እያንዳንዱ ክፍል ያገኘውን ብክነትና የቀነሰበትን መንገድ ያቀርባል። የኛ ክፍል ብክነት ተገኝቷል። አርብ ደግሞ የሙከራ ጊዜሽ ያልቃል። ሁለቱን በአንድ ቀን እንገላገላለን።»

አሁን አልሳቅሁም፤ አርብ ቋሚ ካልሆንኩ የሚጠብቀኝን ስለማውቅ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ግማሹን ቆሜ ነው፤ መምህራኑ ወይ ጥቁር ሰሌዳ ያስጠርጉኛል ወይ ጠመኔ ያስመጡኛል። ከዚያ ቡራዩ ጠርሙስ ላይ ወረቀት የሚለጠፍበት ፋብሪካ ገባሁ፤ ጠርሙሶቹ ተሰልፈው እየመጡ እኔ መስኮት አጠገብ ስለተገኘሁ እርቃናቸውን አለፉ። ተባረርኩ። ሱሉልታ አክስቴ ቤት ተመለስኩ። አክስቴ ድርቆሽ ትሸጣለች። አንድ ዓመት ሙሉ ድርቆሽ ስጭን ጸጉሬ ውስጥ፣ ጆሮዬ ውስጥ፣ እንቅልፌ ውስጥ ድርቆሽ ነበር። ወደ ሰበታ ስመጣ አክስቴ በር ላይ ቆማ «የድርቆሽ መንሽሽን ከበሩ ኋላ አኑሬልሻለሁ» ነው ያለችኝ። መንሹ አሁንም እዚያው ቆሟል። ፊቴ ያለ ያህል ይታየኛል።

ታዲያ ዘጠኝ ጊዜ ለምን ተነሳሁ? ለመርፌ ነዋ!

እኛ ጋ መርፌ እንዲህ ዝም ብሎ አይቀየርም። የማሽን መርፌ ሲሰበር ስባሪው አንድም ሳይቀር ተለቅሞ ወረቀት ላይ በፕላስተር ይለጠፍና ስቶር ይወሰዳል። ስቶር ኃላፊው ቁራጮቹን ገጣጥመው ሙሉ መርፌ መሆኑን ካረጋገጡ በኋላ ነው አዲስ የሚሰጡት። ይሄ ትክክል ነው፤ የጎደለችው ጫፍ የአንዱ ሕፃን አንገት ውስጥ ብትገኝስ? እኔ በሕጉ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በመንገዱ ነው። ከአዳራሹ ትወጣላችሁ፤ ግቢውን ታቋርጣላችሁ፤ ትርንጎ የምትባል ፈታሻችን «እጅ ወደ ላይ፣ ዙሪ» ትላችኋለች፤ መፀዳጃ ቤቱን ታልፋላችሁ፤ ጄኔሬተሩን ትዞራላችሁ፤ ከዚያ ስቶር። ሰው ሁሉ ይሄ መንገድ ያስጠላዋል። እኔ ደግሞ ሰበብ እፈልጋለሁ። ስለዚህ የሁሉንም ስባሪ ሰብስቤ የምሄደው እኔ ነኝ። ዘጠኙ ጉዞ የአንድ ክፍል ሕዝብ ጉዞ ነው። አቶ ግዛቸው ግን የቆጠረው እግሮቼን ብቻ ነው።

የስቶሩ ኃላፊ ኦቦ ደበላ ናቸው። ፋብሪካው ሳይኖር ይሄ ግቢ ጤፍ የሚታጨድበት ማሳ እንደነበር የሚያውቁ፣ ባርኔጣቸውን ቤት ውስጥም የማያወልቁ ሽማግሌ ናቸው። ኦቦ ደበላ ጋ መርፌ ከሰላምታ በፊት አይወጣም።

«አካም ቡልቴ?» እንዴት አደርሽ ነው።

«ነጋዳ፣ ኦቦ።»

«ፈያዳ? ማቲን ነጋዳ?» ራሴ ደህና፣ ቤተሰቡ ደህና።

«ሎን ነጋዳ?»

ከብቶቹስ ማለታቸው ነው። የመጀመሪያው ቀን ላይ እንዴት ብዬ ከብት የለኝም ልበል? ሱሉልታ ያለን ድርቆሽ ብቻ ነው፤ የሚበላው የሰው ላም ነው። አፍሬ «ነጋዳ» አልኩ። በማግስቱ «ስንት ናቸው?» አሉኝ። «አንድ ላም» አልኩ። በሳምንቱ መልኳን ጠየቁ፤ ቀይ አደረግኳት። ከወር በኋላ እርጉዝ መሆኗን እንዴት እንደነገርኳቸው እኔም አላውቅም። በቅርቡ ወልዳለች። ወተቷ እንዴት እንደሆነ ይጠይቁኛል፤ እኔ ደግሞ እየጨመረች መሆኗን እነግራቸዋለሁ። በሥራ ዘመኔ እንደዚች ላም ውጤት ያሳየ የለም።

ወደ ሳምንቱ እንመለስ። ማክሰኞ ላለመነሳት ወሰንኩ። ሞክራችሁት ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ላለመነሳት ሲወስን ሰውነቱ በሙሉ መነሳት ይጀምራል። ጉልበቴ በላኝ፣ ጀርባዬ በላኝ፣ የሌላ ሰው ጀርባ ሁሉ በላኝ። መርፌዬ እንዳይሰበር ማሽኑን እንደ ቀንድ አውጣ ነዳሁት። እስከ ምሳ የሰፋሁት አንገት ከማርታ ግማሽ አይሞላም። የሌሎቹ መርፌ ሲሰበር ደግሞ ስባሪያቸውን እንደያዙ እኔን ያያሉ። እኔ ጣሪያ አያለሁ። ስድስት ማሽን ቆመ። አቶ ግዛቸው መጥቶ «ምን ሆናችሁ ነው የምትጠብቁት?» ሲል ሁሉም በአገጫቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

«መቀመጥሽም ብክነት ሆነ!» አለኝ።

ረቡዕ ሌላ ብልሃት መጣልኝ። መንገዱን ማሳጠር ካልቻልኩ ሰላምታውን ላሳጥረው! አምስት ስባሪ ይዤ በሩጫ ሄድኩና ስቶሩ መስኮት ላይ ዘፍ አድርጌ «አምስት መርፌ!» አልኩ። አካም የለ፣ ነጋ የለ።

ኦቦ ደበላ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ አምላኬ ምስክሬ ነው፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ማል ታኤ፣ ኢንተላ ኮ?» ምን ሆንሽ ልጄ?

«ኧረ ምንም፣ ኦቦ። ቸኩዬ ነው።»

«ላሟ ናት?»

እዚህ ላይ ነው የተበላሸሁት። ቶሎ «አይደለም» ማለት ሲገባኝ ስለ የትኛዋ ላም እንደሆነ ለማስታወስ ትንሽ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ለቅሶ አደረጉት። ስቶሩን ቆለፉ፣ ክንዴን ይዘው አወጡኝና ትርንጎ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። «ልጅቷ ሐዘን ላይ ናት» አሏት። ትርንጎ ማን እንደሞተ ሳትጠይቅ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ጋሪ የሚገፉት ሰዎች ቆሙ። ሹራብ የሚያጥፉት ሴቶች መጡ። ክር ሊወስድ የመጣው ሁሉ ስቶሩ ተቆልፎ ሲያገኘው ወደ ለቅሶው ተቀላቀለ። የሌለች ላም ለግማሽ ሰዓት ፋብሪካ አቆመች።

«ተርፋለች!» ብዬ ጮህኩ በመጨረሻ። «ታማ ነበር፤ ተርፋለች!»

«ተመስገን!» አለ ሕዝቡ፤ ደስ ብሎት ሌላ አሥር ደቂቃ ቆመ።

አቶ ግዛቸው ጠራኝ። «ማን ሞቶብሽ ነው?»

«ማንም።»

«ታዲያ ስቶሩ ለምን ተዘጋ?»

«ማንም ስላልሞተ።»

ደብተሩን አወጣና ጻፈ። ምን እንደጻፈ አላየሁም፤ ሲጽፍ ግን እስክሪብቶው ወረቀቱን ይቀደው ነበር።

በምሳ ሰዓት ማርታ እንጀራዋን ጠቅልላ እያየችኝ «አንቺ ልጅ፣ አሰልጣኙ የሠራተኛው እግር የሄደበትን መንገድ ወረቀት ላይ በመስመር ሳሉ ብሎ አልነበር?» አለችኝ። «ሳይውና አሳያቸው። ብክነቱ አንቺ ሳትሆኚ መንገዱ መሆኑን ዓይናቸው ይይ።»

«ወረቀት ከየት?»

«ከስቶር።»

ተያየን።

እንግዲህ ሐሙስ የሆነው የማርታ ጥፋት ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ ግን ደስ ይለኛል። ማሽኔ ሥር ከጥራት ክፍል የተመለሰ፣ ለሹራብ የማይሆን ቀይ ክር ነበር። መስመር ማለት ክር አይደል? ጫፉን ማሽኔ እግር ላይ አሰርኩ፣ ጥቅልሉን ይዤ ስቶር ሄድኩ። ኋላዬ ቀይ መስመር ተሰመረ፤ በጣም ያምራል። ስመለስም እየዘረጋሁ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ጉዞ ላይ ትርንጎ «ይሄ ምንድነው?» አለች።

«እግሬ ነው።»

«እጅ ወደ ላይ፣ ዙሪ።» ዞርኩ። ክሩም አብሮኝ ዞረ፤ እኔንና ትርንጎን አንድ ላይ ጠቀለለን። ስንላቀቅ ሁለታችንም አዞረን።

ኦቦ ደበላ፣ ላሟ በመዳኗ ደስታቸው ገና ያልበረደላቸው፣ ነገሩን ሳስረዳቸው ክሩ እንዳይላላብኝ በራሳቸው እጅ ስቶሩ ጥግ ካለው የመጨረሻ መደርደሪያ ጋር አሰሩልኝ። አምስት ጊዜ ተመላለስኩ። አምስት ጊዜ መሄድ፣ አምስት ጊዜ መምጣት፣ በየጉዞው የትርንጎ ዙሪ፤ ግቢው የሸረሪት ቤት መሰለ። ሰዉ መጀመሪያ እየተራመደው አለፈ፣ ቀጥሎ እየዘለለው፣ ቀጥሎ እየተሳደበ። ከዚያ ካርቶን የጫነ ጋሪ መጣ። የጋሪው ጎማ ክሩን ያዘው፤ ክሩ የትርንጎን ወንበር ጎተተ፤ ወንበሩ ሲሄድ ሌላው ዙር የመፀዳጃ ቤቱ በር እጀታ ላይ ተጠመጠመና ጥርቅም አድርጎ ዘጋው። የሹራብ ክር ለብቻው ክር ነው፤ አሥር እጥፍ ሲሆን ግን በሬ ያስራል።

ከውስጥ በሩ ተደበደበ። «ማነው የዘጋው? ክፈቱ!»

ድምፁን ሁላችንም አወቅነው። ማንም ለመክፈት አልተጣደፈም።

አቶ ግዛቸው ሲወጣ ትከሻው ላይ ቀይ ክር ነበር፤ ፊቱም ከክሩ አይለይም። «ብክነት ለመለካት ክር ታባክኛለሽ? አንዲት ክንድ ሳትቀር ጠቅልለሽ ሰብስቢ! ነገ ማስረጃ ነው!»

ጠቀለልኩ። ግቢውን እየዞርኩ፣ ጄኔሬተሩን እየዞርኩ፣ ትርንጎን እየዞርኩ ጠቀለልኩ። ልቃቂቱ መጀመሪያ ሎሚ አከለ፣ ከዚያ ጥቅል ጎመን፣ ከዚያ የሰው ጭንቅላት። መንሹ ታየኝ። ድርቆሹ ከአሁኑ ጆሮዬ ውስጥ አከከኝ። የመጨረሻው ቋጠሮ ያለው ኦቦ ደበላ ያሰሩበት ጥግ ነው፤ በመደርደሪያው ጀርባ ሾልኬ ገባሁ። ቋጠሮውን ለመፍታት ስጎነበስ መዝሙር ሰማሁ።

ማርታ ናት። ማርታ ስትሰፋ ትዘምራለች፤ ከፍ ያለው ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ድምፅዋ ይሰነጠቃል። አሁን ስንጥቁን እንኳ ሰማሁት፤ እንደ ጎረቤት ሳይሆን ጆሮዬ ላይ እንዳለች! ይሄን ሁሉ ግቢ ዞሬ መጥቼ ማርታ እንዴት አጠገቤ ትሆናለች?

ግድግዳውን አንኳኳሁ። መዝሙሩ ቆመ። ደግሜ አንኳኳሁ።

«ሃሌሉያ?» አለች ማርታ፤ ቀስ ብላ፣ በፍርሃት።

«እኔ ነኝ!»

«አንቺን አልነበረም የጠበቅኩት» አለች።

ያንኳኳሁት ግድግዳ እንጨት ነው። ካርቶኖቹን ገለጥኩ። በር! እውነተኛ በር፣ ከነማጠፊያው። ስቶሩና አዳራሻችን ጀርባ ለጀርባ ነው ለካ የተሠሩት፤ እኛ ግን ሆድ ለሆድ ለመገናኘት ቤቱን ስንዞር ኖረናል።

«ኦቦ፣ ይሄ ምንድነው?»

«በር ነው» አሉ ኦቦ ደበላ፤ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው በሚል።

«ለምን ተዘጋ?»

«በዚያ በኩል ቁምሳጥን አቆሙበት። ለጊዜው ነው አሉ።»

«ቁልፉስ?»

ወገባቸው ላይ ያለውን የቁልፍ ዘለላ አንቀጫቀጩት። «እኔ ጋ አለ። ማን ጠየቀኝ?»

ቁምሳጥኑን አውቀዋለሁ። የአቶ ግዛቸው ነው። ባለ መስታወት ነው፤ ውስጡ የካይዘን ሥልጠና ምስክር ወረቀቶቹ ተደርድረዋል።

አርብ ጠዋት አሰልጣኙ ከረባቱን አጥብቆ፣ ሥራ አስኪያጇ ደብተሯን ይዛ መጡ። አቶ ግዛቸው ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ከላይ «የተገኘ ብክነት፦ እንቅስቃሴ» ይላል፤ ከሥሩ የእኔ ስም፤ ከሥሩ «መፍትሔ፦ ማሰናበት»። ልቃቂቱንም ከፍ አድርጎ አሳየ። «ይህን ሁሉ ያባከነችው እሷ ናት» አለ።

«የምትይው አለ?» አለችኝ ሥራ አስኪያጇ።

ቆሜ ነበር፤ ለእኔ ምቾት ነው። «አዎ። እኔም ብክነት አግኝቻለሁ» አልኩ። ልቃቂቱን ከእጁ ወሰድኩ። «ይሄ ክር በአንድ ግማሽ ቀን ለመርፌ የሄድኩበት መንገድ ነው። የእኔ ብቻ አይደለም፤ የክፍሉ ሁሉ ነው። ስባሪ መርፌ የሰጠሽኝ እጅሽን አንሺ።» እጆች ወጡ፤ መጀመሪያ የማርታ፣ ከዚያ የሌሎቹ፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። አንዷማ ሁለት እጇን አነሳች።

ከዚያ ሌላ ክር መዘዝኩ፤ ከማሽኔ ተነስቼ እየዘረጋሁ አሥራ ሁለት እርምጃ ሄጄ ቁምሳጥኑ ጋ ቆምኩ። «ይሄ ደግሞ ከማሽኔ እስከ ስቶር ያለው ነው።»

«እሱ ቁምሳጥን ነው!» አለ አቶ ግዛቸው እየሳቀ። «አያችሁልኝ?»

የቁምሳጥኑን ጎን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። ከውስጥ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። አሰልጣኙ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ማነው?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

«አካም ቡልተን!» አሉ ኦቦ ደበላ ከምስክር ወረቀቶቹ ጀርባ።

«ነጋዳ!» አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

አሰልጣኙ ነገሩ ሲገባው ከኪሱ ቀይ ካርድ አወጣ፤ ቦታው ያልሆነ ዕቃ ላይ የሚለጠፈውን። ቁምሳጥኑ መስታወት ላይ፣ የአቶ ግዛቸው ፎቶ ያለበት ምስክር ወረቀት ፊት ለፊት ለጠፈው።

«ለጊዜው ነው የተቀመጠው!» አለ አቶ ግዛቸው።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለች ሥራ አስኪያጇ።

አቶ ግዛቸው ወደ ምስክር ወረቀቶቹ ዞረ። ማርታ «እኔ ስቀጠር ነበረ» አለች፤ ከኋላ አንዲት አሮጊት ሠራተኛ ደግሞ «እኔም ስቀጠር» አለች፤ እሷ ከሁላችንም በፊት የነበረች ናት።

ስምንት ሴቶች ሆነን ገፋነው። ሥሩ ሁለት መቀስ፣ አንድ የቀኝ እግር ነጠላ ጫማና ቢጫ ሜትር ተገኘ። ሜትሩ ላይ «ግዛቸው» ተብሎ ተጽፏል። በዚህ ሜትር ምክንያት ማርታን አንድ ወር ሙሉ «የወሰድሽውን መልሺ» ሲላት ነበር። ማርታ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገችና በሁለት እጇ ሰጠችው። «ጌታ ይባርክዎት» አለችው። ከዚህ የከፋ ስድብ ሰምቼ አላውቅም።

ቁልፉ ገባ፣ ዞረ፣ በሩ ጮኸ፣ ተከፈተ። ኦቦ ደበላ ባርኔጣቸውን እንዳደረጉ ብቅ አሉ። አዳራሹ እልል አለ። እኔ ስባሪ መርፌ ይዤ ገባሁ፤ አሰልጣኙ ሰዓቱን ያዘ። አዲሱን መርፌ ይዤ ስመለስ ሥራ አስኪያጇ ገና የደብተሯን ገጽ እየገለጠች ነበር።

«ሰላምታውም ተካቷል?» አለ አሰልጣኙ።

«አንድም ሳይቀር።»

«እሱንም ብንቀንሰው?» አለ አቶ ግዛቸው፤ ቢያንስ አንድ ነገር ለመቀነስ ብሎ።

«ረቡዕ ቀንሼው ነበር» አልኩ። «ግማሽ ሰዓት ጨመረ።» ትርንጎ ከበሩ ላይ «እውነት ነው» አለች፤ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

ሥራ አስኪያጇ ግድግዳው ላይ ካለው ወረቀት ሥር «ማሰናበት» የሚለውን ሰርዛ «በር መክፈት» ብላ ጻፈች። ስሜን ግን ከብክነቱ ሥር አውጥታ «ያገኘችው» ከሚለው ሥር አደረገችው። «የቋሚነት ደብዳቤዋን ዛሬውኑ» አለችው ለአቶ ግዛቸው። «የካይዘን ቡድናችሁም መሪ እሷ ትሁን።»

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤውን ይዞ ማሽኔ ጋ መጣ። ፊርማው ረጅም ነው፤ ሳይወድ የፈረመ ሰው ፊርማ እንዲያ ይረዝማል። ለአክስቴ ደውዬ መንሹን ለሌላ ሰው እንድትሰጠው ከነገርኳት ገና አምስት ደቂቃ አልሆነኝም።

«እንግዲህ ቋሚ ነሽ» አለኝ። «አሁን ቁጭ በይ።»

«እሺ» ብዬ ቁጭ አልኩ። ፔዳሉን ረገጥኩ። ቀጭ!

ስባሪውን ለቀምኩ፤ ሦስት ነው። ወረቀቱ ላይ ለጠፍኩና ተነሳሁ።

«ሎን ነጋዳ?» አሉ ኦቦ ደበላ ከተከፈተው በር ማዶ፤ አሁን አዳራሹ ሁሉ ይሰማቸዋል። «ጥጃዋስ?»

አቶ ግዛቸው አፈጠጠብኝ። «ላም አለሽ እንዴ?»

«ከነጥጃዋ» አልኩትና በአጠገቡ አልፌ በአዲሱ በር ወጣሁ።